ለመመለስ ማሳደግ

እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደውላ ስናወራ ከትከሻዬ ጀርባ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች። «ድመት ገዛህ እንዴ?» አለችኝ። አልገዛሁም። «ሰው ሰጠህ?» እሱም አይደለም። «ታዲያ የማን ናት?» የካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ናት አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «መንግሥት ድመት አለው?» ስትል ሳቄ መጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄዋ የነገሩን እምብርት ነክቶታል።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ባለቤት ያጡ ውሾችና ድመቶች የሚገቡት ወደ ካውንቲው ወይም ወደ ከተማው መጠለያ ነው። አንዳንዱን መጠለያ መንግሥት ራሱ ያስተዳድረዋል፣ አንዳንዱን ለበጎ አድራጎት ድርጅት በውል ይሰጠዋል። ባለቤት ካልቀረበ እንስሳው የመጠለያው ይሆናል፤ አሳዳጊ ፈርሞ እስኪወስደው ድረስም የመጠለያው እንደሆነ ይቆያል። እኔ የፈረምኩት ወረቀት ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ምግቡን፣ መድኃኒቱንና ሕክምናውን እነሱ ይችላሉ፤ እኔ አንድ ክፍል፣ ጊዜዬንና ዓይኔን እሰጣለሁ፤ አምጣ ሲሉኝ አመጣለሁ። ፈረንጆቹ ፎስተር ይሉታል። እኛ ጉዲፈቻም ማደጎም የሚሉ ቃላት አሉን፤ ሁለቱም ግን ልጁ እዚያው ቤት ሲቀር ነው የሚያምርባቸው። ለዚህኛው የሚሆነው ቃል አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ሊወደው ይችላል፤ የሚመሰገነው ግን ሲመልስ ነው።

ፎስተርን እንደ ግማሽ ጉዲፈቻ፣ ወይም ወስነው ማሳደግ ላልቻሉ ሰዎች እንደ ልምምድ የሚያዩት ብዙ ናቸው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። መጠለያው ውስጥ ጥቂት ቅዳሜዎችን ወለል ሳጥብ ካሳለፍኩ በኋላ ነው ነገሩ የቦታ ሒሳብ መሆኑ የገባኝ።

40 የውሻ ኬጅ ያለው ቤት እናስብ። አንድ ውሻ ከገባበት እስከ ወጣበት በአማካይ 20 ቀን ከቆየ ቤቱ በቀን 2 ውሻ መቀበል ይችላል። ቆይታው ወደ 40 ቀን ከረዘመ የሚቀበለው በቀን 1 ብቻ ነው። ኬጁም ሠራተኛውም ያው ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው ውሻ ግን አሁንም በቀን 2 ነው። በአሥር ቀን ውስጥ 10 ውሻ መድረሻ ያጣል። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሁለቱን በአንድ ኬጅ ያጉራል፣ ወይም በሩን ይዘጋል፣ ወይም መርፌ ያነሳል። ሌላ መውጫ ካለው በከተማው ውስጥ ባለው የሰው ሳሎንና መታጠቢያ ቤት ነው።

ስለዚህ ወደ ሰው ቤት መላክ ያለበት በጣም የሚያምረው ሳይሆን ረጅም ጊዜ የሚቆየው እንስሳ ነው። አንዲት የምታጠባ ውሻ ቡችሎቿ 8 ሳምንት እስኪሞላቸው 56 ቀን ኬጅ ትይዛለች፤ በዚያው ኬጅ፣ በዚያው ጊዜ፣ ሦስት ያህል ትልልቅ ውሾች ገብተው መውጣት ይችሉ ነበር። እግሩ ተሰብሮ ብረት የገባለት ውሻም እንደዚሁ ነው። በትንኝ የሚተላለፈው የልብ ትል የያዘው ደግሞ ይብሳል። መድኃኒቱ ትሉን ሲገድለው ቁርጥራጩ የሳንባን የደም ሥር ሊዘጋ ስለሚችል ውሻው ለወራት እንዳይሮጥና እንዳይዘል መደረግ አለበት። ሲጮኹ በሚውሉ አርባ ውሾች መካከል አርፈህ ተኛ ይባላል? አንድ ጡረተኛ ቤት ሶፋ ሥር ግን ይቻላል።

ይህ አገር እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1870ዎቹ ኒው ዮርክ ከተማ የተያዙ ውሾችን የብረት ኬጅ ውስጥ አጉራ ኢስት ሪቨር ወንዝ ውስጥ እየነከረች ትገድል ነበር። ሄንሪ በርግ የአሜሪካን የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር በ1866 በዚያችው ከተማ አቋቁሞ ነበር፤ ሆኖም ያኔ የሚሟገትላቸው በዋናነት የጋሪ ፈረሶች ነበሩ። ውሻ ገብቶ የሚያርፍበት፣ ከዚያም ሰው መጥቶ የሚወስድበት ቤት የሚለው ሐሳብ ሥር የያዘው ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ካሮላይን ኧርል ኋይት በ1869 ጓደኞቿን ይዛ ባቋቋመችው የሴቶች ማኅበር ነው። ቢሆንም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ በአሜሪካ መጠለያዎች በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ውሾችና ድመቶች ይገደሉ እንደነበር ይገመታል። በ2024 መጠለያ የገቡት 5.8 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ 4.2 ሚሊዮን ያህሉ አሳዳጊ አግኝተዋል፤ የተገደሉት ወደ 600 ሺህ ናቸው።

ለውጡን ያመጣው ፎስተር ነው የሚል ሰው ካለ አትመኑት። ትልቁን ሥራ የሠራው ማምከን ነው፦ ሴቶቹንም ወንዶቹንም ገና ሳይወልዱ በቀዶ ሕክምና ማምከን፣ ርካሽ ክሊኒኮችን መክፈት፣ ያልመከነ እንስሳ ከመጠለያ እንዳይወጣ ማድረግ። ፎስተር የመጣው የሚገባው ቁጥር ከወረደ በኋላ፣ የቀሩትን አስቸጋሪዎቹን ለማዳን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ1994 ሰው ሊወስደው የሚችል ጤነኛ እንስሳ ከእንግዲህ አይገደልም ብላ ስትስማማ፣ የቴክሳሷ ኦስቲንም በ2011 ከገቡት እንስሳት 90 በመቶውን በሕይወት ማስወጣት ስትጀምር፣ በሁለቱም ቦታ ከግንቡ ውጭ የሰዎች ቤት እንደ መጠለያው ክፍል ይቆጠር ነበር። ያ 90 በመቶ ዛሬ በመላው አገሪቱ «የማይገድል መጠለያ» የሚባለው መለኪያ ሆኗል። ቀሪው 10 በመቶ በጣም ለታመሙትና ለሰው አደገኛ ለሆኑት የተተወ ነው።

የፎስተር ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ግን በድመት ልጆች ነው።

ድመት ወንድ የምትፈልገው የቀኑ ርዝመት ሲጨምር ነው፤ እርግዝናዋም 9 ሳምንት ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ አሜሪካ ውስጥ የድመት ልጆች የሚወለዱበት ወቅት አለ፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጠለያው በካርቶን ይጥለቀለቃል። (አዲስ አበባ ላይ ቀኑ በጋም ክረምትም ያው ስለሆነ ድመት ወቅት አትጠብቅም።) ከካርቶኑ የምትወጣው ደግሞ ስትወለድ 100 ግራም ያህል የምትመዝን፣ ዓይኗ ከ7 እስከ 14 ቀን ሳይሞላት የማይገለጥ ፍጡር ናት። በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ጡጦ ትፈልጋለች፣ ሌሊትም ጭምር። መሽናት እንኳ ብቻዋን አትችልም፤ እናቷ ናት እየላሰች የምታሸናት። እናት ከሌለች ያንን የሚያደርገው ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ የያዘ ሰው ነው። የላም ወተት ያስቀምጣታል። እንደ ሕፃን በጀርባዋ ካጠቧት ወተቱ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል፤ በሆዷ ተኝታ ነው የምትጠባው። ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ደግሞ ወተት ከመስጠት በፊት ማሞቅ ይቀድማል፤ የቀዘቀዘ ሆድ አይፈጭም።

መጠለያ ሌሊት ሰው የለውም። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ለብዙ አሥርት ዓመታት የሞት ፍርድ ነበረች፦ ጡት ያልጣሉ ወላጅ አልባ የድመት ልጆች በብዙ መጠለያዎች በመጡበት ቀን ይገደሉ ነበር። ጭካኔ አይደለም፤ እስከ ጠዋት በረሃብ ከሚሞቱ ይሻላል ተብሎ ነው።

ሌሊት ሰው ቢቀጠርስ? እሱም በግማሽ ብቻ ነው የሚረዳ፤ ምክንያቱም ቤቱ ራሱ ያሳምማል። የድመት ልጆች ከእናታቸው የመጀመሪያ ወተት ያገኙት መከላከያ በ6ኛውና በ16ኛው ሳምንት መካከል ቀስ በቀስ ይሳሳል። እስኪሳሳ ድረስ ክትባቱ እንዳይሠራ ያግዳል፤ ከሳሳ በኋላ ደግሞ ክትባቱ እስኪይዝ ባዶ ጊዜ አለ። ያ ባዶ ጊዜ ለየትኛዋ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ነው በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ የሚከተቡት። በዚያ መሀል ፓንሉኮፔኒያ ወይም የድመት ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ከገባ አንድ ክፍል ሙሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከመቶ እንግዳ ድመት ጋር አየር ከመጋራት አንድ የአፓርታማ መታጠቢያ ቤት ይሻላል። ሌላም ነገር አለ። የድመት ልጅ ሰውን ወዳጅ ብላ የምትመዘግበው ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያንን ጊዜ በኬጅ ያሳለፈች ድመት ጤነኛ ሆና እንኳ ሰው ሲጠጋት ትደበቃለች፤ የምትደበቅ ድመት ደግሞ የሚወስዳት የለም።

ባለፈው ሚያዝያ አራት የድመት ልጆች ተሰጡኝ። የጫማ ካርቶን፣ የሚሞቅ ምንጣፍ፣ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተትና አንድ ገጽ መመሪያ። የገዛሁት ነገር ቢኖር የወጥ ቤት ሚዛን ነው፤ የሚዛኑ ነገር በደማቅ ተጽፎ ነበር። የድመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም መጨመር አለባት፤ ካልጨመረች አንድ ነገር እየመጣ ነው፣ ያውም ማልቀስ ከመጀመሯ በፊት። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እየመዘንኩ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ቡኒዋ፣ ጥቁሩ፣ ዝንጉርጉሯና ትንሿ። የትንሿ መስመር እንዲህ ይላል፦ 148፣ 151፣ 147፣ 139። በአምስተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የመጠለያውን የሌሊት ስልክ ደወልኩ። አሙቃት፣ ስኳር በጥብጠህ ድዷን ቀባ አሉኝ። ከደረቴ ላይ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከመንጋቱ በፊት ሞተች። ጠዋት ለመጠለያው ስነግራቸው ያነጋገረችኝ ልጅ አዝና፣ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጽፋ፣ ወዲያው «የሦስቱ ክብደት ስንት ነው?» አለችኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ቆይቶ ግን ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው ጥያቄ እሱ መሆኑ ገባኝ።

ወደ ውሾቹ ስንመለስ፣ ነገሩ ተጠንቷል። ሊሳ ጉንተር የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2019 ባሳተሙት ጥናት በ5 መጠለያዎች ያሉ 207 ውሾችን ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ሰው ቤት አሳድረው ሽንታቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል፣ የጭንቀቱን ሆርሞን ማለት ነው፣ ለክተዋል። ውሾቹ ሰው ቤት ባደሩበት ጊዜ ወረደ፤ ሲመለሱ ወደነበረበት ተመለሰ፤ ከበፊቱ ግን አልባሰም። የመጨረሻዋ ነገር ቀላል አይደለችም፤ «አውጥቶ መመለስ ይጎዳዋል» የሚለውን ሥጋት መልሳለች። በ2023 ደግሞ እነዚሁ ተመራማሪዎች በ51 መጠለያዎች ባደረጉት ሌላ ጥናት ለጥቂት ሰዓት ከሰው ጋር የወጣ ውሻ አሳዳጊ የማግኘት ዕድሉ ከ5 እጥፍ በላይ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ያደረው ደግሞ ከ14 እጥፍ በላይ ሆኖ አገኙት።

14 እጥፍ ስሰማ መጀመሪያ ጠረጠርኩ፤ የሚወጣው ቀድሞውንም ሰው የሚማርከው ውሻ ይሆናል ብዬ። ትንሽ ሚና ሊኖረው ይችላል። ዋናው ግን ወሬ ነው። ኬጅ ውስጥ ያለ ውሻ ካርዱ ላይ የሚጻፍለት «ወንድ፣ 3 ዓመት፣ 27 ኪሎ፣ ድብልቅ» ብቻ ነው። ለጎብኚ የሚታየው ደግሞ በፍርግርጉ ላይ የሚዘል፣ የሚጮህ እንስሳ ነው። ሁለት ሌሊት ያሳደረው ሰው ግን መኪና ውስጥ አይጮህም፣ ደወል ሲሰማ ግን ቤቱን ይቀውጠዋል፣ ልጆች ያየ እንደሆነ ጭራውን ይቆላል፣ ድመት ጋ አታስጠጉት ብሎ መናገር ይችላል። የሚናገረውም መጠለያ ረግጠው ለማያውቁ የሥራ ባልደረቦቹና ጎረቤቶቹ ነው። በእኛ አባባል ደላላ አገኘ ማለት ነው።

በዚሁ በቨርጂኒያ፣ ከምበርላንድ ካውንቲ፣ ኢንቪጎ የተባለ ድርጅት ለቤተ ሙከራ የሚሸጡ ቢግል ውሾችን ያራባ ነበር። በ2022 በፌዴራል ፍርድ ቤት በተደረሰ ስምምነት ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾች በሁለት ወር ውስጥ ከዚያ ወጥተው በመላው አገሪቱ ላሉ መጠለያዎች ተከፋፈሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኬጅ ውስጥ የኖሩ ውሾች ናቸው። ሣር ረግጠው አያውቁም፤ ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ቴሌቪዥን ሲከፈት ይበረግጋሉ። እንደዚህ ያለ ውሻ ከኬጅ አውጥቶ ሌላ ኬጅ ውስጥ ማስገባት ምንም አይፈይድለትም። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት ፎስተር ቤት ነው፣ ሌላ ውሻ ደረጃ ሲወጣ እያዩ ለመማር። በመጋቢት 2020 ኮቪድ ሲገባም መጠለያዎች ልንዘጋ ነው፣ እንስሳ ውሰዱልን ብለው ሲጣሩ ከጠበቁት በላይ ሕዝብ ተሰልፏል። ሰው እንዳለ ያን ጊዜ ታወቀ። እስከዚያ ያልተጠየቀ ብቻ ነበር።

እስካሁን ያመሰገንኩትን ያህል መውቀስም አለብኝ። «የማይገድል» የሚለው ስም የከንቲባ መመረጫ ከሆነ ወዲህ ቁጥሩን የሚያስጠብቁበት ሌላ መንገድ ተለምዷል፦ በሩን ማጥበብ። ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሰጣል። መንገድ ላይ የድመት ልጆች ያገኘ ሰው ሲደውል «አንተው ጥቂት ሳምንት ያዛቸው፣ ፎስተር ማለት እኮ እሱ ነው» ይባላል። ጡጦ፣ ወተት፣ ክትባትና የሌሊት ስልክ ተሰጥቶት ከሆነ እውነት ነው፣ ፎስተር ነው። ባዶ እጁን ከሆነ ግን የመንግሥት ሥራ ተጭኖበታል ማለት ነው፤ እንስሳው ቢሞትም በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ቤስት ፍሬንድስ የተባለው ታላቅ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት አገሪቱን በሙሉ እስከ 2025 «የማይገድል» አደርጋለሁ ብሎ ነበር፤ ዓመቱ ደረሰ፣ ግቡ አልሞላም።

እንስሳው ለምን መጠለያ ገባ የሚለውን ደግሞ ፎስተር ጨርሶ አይመልስም። በኔ ሰፈር ውሻውን እያለቀሰ የሚያስረክብ ሰው ጠላው ማለት ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። የቤት ኪራይ ጨምሮበት ወደ ሌላ አፓርታማ ሲዛወር አከራዩ ለውሻው የተለየ ማስያዣና ወርኃዊ ክፍያ ጠይቆታል፣ ወይም ትልልቅ ውሻ አናስገባም ብሎታል። ወይም ለአንድ የጥርስ ሕክምና ብቻ የወር አስቤዛ የሚያክል ገንዘብ ተጠይቋል። ትልልቆቹ ውሾች መጠለያ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ የሚቆዩትም በዚሁ ነው፤ እነሱን የሚያስገባ የኪራይ ቤት ስለጠፋ። ፎስተሮቹም ተከራዮች ናቸው። እኔ ራሴ ድመት ብቻ የምወስደው ውሌ ውሻ ስለሚከለክል ነው።

በሐበሻው ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ጥቂቶች ነን፣ ቢገርምም አይገርምም። ያደግነው ውሻ ደጅ፣ ድመት ምድጃ አጠገብ በሆነበት ቤት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል ጥበቃው እንጂ ሶፋው አይታሰብም። ፍርሃቱም መሠረት አለው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ 99 በመቶው ከውሻ ንክሻ ነው፤ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያም ክፉኛ ከሚጎዱት አገሮች አንዷ ናት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መርዝ የበላ ውሻ በመንገድ ዳር ተጋድሞ ማየቱን ያስታውሳል፤ ውሻ መግደል በሽታውን እንደማያቆም፣ የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ እንደሆነ ከታወቀ ቆየ። አሜሪካ ውስጥ ግን ከመጠለያ የሚወጣ ዕድሜው የደረሰ ውሻ የተከተበ ነው፤ ያ ፍርሃት እዚህ ድረስ መከተል የለበትም። ለሙስሊም ቤተሰብ የውሻ ምራቅ ነገር ከባድ ከሆነ የድመት ልጆች ያ ጣጣ የላቸውም።

የኛ ቤት የራሱ አደጋዎች አሉት፣ መመሪያው ላይ ግን አልተጻፉም። አክስቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ የተረፈ ቀይ ወጥ በእንጀራ ለቅልቃ ለድመቶቹ ስታቀርብ እጇን ያዝኳት። ወጣችን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም የድመትንና የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ድመት ላይ ይብሳል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያቆም ይችላል። ለፋሲካ የሚገዛው የሊሊ አበባ የድመትን ኩላሊት አቁሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል፤ ብናኙን ከፀጉሯ መላሷ ብቻ ይበቃል። የዕጣኑም ጭስ ለሚያስነጥሱ የድመት ልጆች አይስማማም። አክስቴ የዕጣኑን ስትሰማ «እንዲያውስ እኔ ልውጣላቸዋ» ብላለች።

ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ምክሬ ከፍቅር ይልቅ ወረቀት ላይ ነው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን የሰጠኝ ድመት እሑድ ማታ መተንፈስ አቅቷት ድንገተኛ ክሊኒክ ወሰድኳት። ስልካቸው አይነሳም። 640 ዶላር ከኪሴ ወጣ፤ ኋላ ሳመለክት «ሳታስፈቅድ ወስደህ» ተባልኩ። ስለዚህ ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል፣ ሌሊት ለማን እንደምትደውሉ፣ የትኛው ክሊኒክ እንደሚቀበላችሁ በጽሑፍ ያዙ። የራሳችሁ እንስሳ ካለ አዲሱን ለሁለት ሳምንት በተለየ ክፍል አቆዩት። የፓርቮ ቫይረስ ወለል ላይ ለወራት ይቆያል፤ በተራ ሳሙና ስለማይሞት በረኪና የሚችል ወለል ያለው መታጠቢያ ቤት ከሳሎን ምንጣፍ ይሻላል።

ስለመመለሱ ነው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ። እንዴት አስቻለህ ይላሉ። ፎስተር ሆኖ ጀምሮ እንስሳውን ለራሱ ያስቀረውን ሰው እዚህ በቀልድ «ፎስተር ፌል» ይሉታል፣ ፈተናውን ወደቀ ለማለት። ኬክ ሁሉ የሚቆርሱለት አሉ። እኔ አልፈርድም፤ አንድ እንስሳ ቤት አገኘ። መጠለያው ግን በዚያው ቀን አንድ የምትመለስ ክፍል አጥቷል፤ በሒሳቡ የሚቀጥሉት የሃያ ካርቶኖች መቀበያ ልትሆን ትችል ነበር።

ሦስቱ 8 ሳምንት ሲሞላቸው እያንዳንዳቸው 900 ግራም አለፉ፤ ለማምከኛው ቀዶ ሕክምና የሚፈለገው ክብደት ያ ነው። በተሸካሚ ሣጥን ይዣቸው ሄድኩ፣ ፈረምኩ፣ ደብተሬንም ሰጠሁ። ጥቁሩ ቅዳሜ ዕለት ሄደ፣ ሁለቱ እህቶች እሑድ አብረው።

ማታ እናቴ ደወለች። ነገርኳት። «ሁሉም ሰው አገኙ?» አለች። አዎ፣ ሦስቱም። «ጎበዝ። እናትየውስ?»

እናትየውን ማንም አላየም። ካርቶኑ ከአንድ የገበያ ማዕከል ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ነው የተገኘው። ያልተያዘች፣ ያልመከነች ድመት እያጠባች እንኳ ልታረግዝ ትችላለች። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ጣቷን አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች።

«እንግዲህ ለሐምሌ ካርቶንህን አዘጋጅ» አለችኝ።